በደረቁ ሸለቆ የተሸከምኩት ጀሪካን

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! እስቲ አንዴ ደግማችሁ በሉልኝ፣ የጀነሬተሩ ድምፅ ከእናንተ አይብለጥ። ጌታ ይባረክ! አሜን።

ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን በዚህ ጉባኤ ፊት ሳልናገር ብመለስ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስንት እሑድ ልነሳ ብዬ ተመልሼ ተቀምጫለሁ። መጋቢያችን «እህት አስካለ፣ አጠር አድርጊው» ብለውኛል። እሞክራለሁ መጋቢ። ግን እርስዎም ያውቁኛል፤ እኔ ምግብም ወሬም ማሳነስ አልችልበትም።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ በእጄ ሥራ ነው። እዚሁ ጁባ፣ አማራት ሰፈር ያለችው ምግብ ቤቴ መጥታችሁ ያልበላችሁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ፣ አልቀየምም። ለጉባኤ ምግብ ስታዝዙ እኔው ነበርኩ ይዤ እዚህ ሙኑኪ ድረስ የምመጣው። ድስቱን ታቅፌ ቦዳቦዳ ሞተር ላይ ፊጥ ብዬ ስመጣ ያያችሁኝ ታስታውሳላችሁ፤ ሰውነቴን ታዩታላችሁ፣ ለባለ ሞተሩም እዘኑለት። በር ላይ አስረክቤ እመለሳለሁ። «ግቢ እንጂ እትዬ አስካለ፣ አንድ መዝሙር እንኳ ስሚ» ስትሉኝ «ሥራ አለብኝ» እላለሁ። ምን ሥራ አለብኝ? ምግቡ እናንተ ጋ ነው!

ለምን እንደማልገባ ልንገራችሁ። እናታችን ስትታመም እኔ ገና ኮረዳ ነበርኩ። ወንድሜ ደረጀ ድክ ድክ ይል ነበር። ያን ጊዜ ለምኛለሁ ወገኖቼ። ተንበርክኬ፣ ተደፍቼ፣ አልቅሼ ለምኛለሁ። እናቴ ሞተች። እኔም «እሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔው ነኝ» አልኩ። ደረጀን አዝዬ ሰው ቤት ምግብ እየሠራሁ አሳደግኩት፣ አስተማርኩት። የውኃ መሐንዲስ ሆነልኝ። ሸክሜን ለማንም አልሰጥም ነበር። ገበያ ስወጣ ተሸካሚው ዕቃዬን ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ «ኸሊ!» ብዬ እጮህበታለሁ። ተወው፣ አትንካው! ሰውየው ደንግጦ ይሸሻል።

ደረጀ እኔን ተከትሎ ጁባ መጣ፤ በዚህችው ቆርቆሮ ቤት ጌታን አገኘ። እኔ ደግሞ ጨርቄን ልጥል ደረስኩ። «ይሄው ጴንጤ ሆነልኝ!» ብዬ ለደንበኛው ሁሉ አወራሁ። እሱ ግን አይቆጣም። «እታለም፣ አንድ ቀን ጌታ ራሱ ያናግርሻል» ይለኛል። «ስልኬን ስጠዋ!» እለዋለሁ። ይስቃል። ያ ሳቁ ደግሞ ይብስ ያናድደኝ ነበር።

ሥራው ከካፖኤታ ወዲያ ነው። የተቀጠረበት ድርጅት ለዚያ አገር ከብት አርቢዎች የውኃ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ጁባ በመጣ ቁጥር ስለ አንድ ሸለቆ ይነግረኛል። «እታለም፣ አንድ ጊዜ ነይና ላሳይሽ። ሰው ያልነካው ቦታ ነው። መንገድ የለው፣ ቤት የለው፣ ምንም የለው።»

«ሰው ያልነካው ምክንያት ቢኖረው ነዋ» አልኩት።

ግን ወንድሜ ነው፤ ናፍቆኛል። የዚህች አዲስ አገር ባንዲራ ገና ቀለሙ ሳይለቅ፣ ባለፈው በጋ፣ ምግብ ቤቱን ለሠራተኞቼ ትቼ አብሬው ለመሄድ ተነሳሁ። ባዶ እጄን አልሄድም መቼም። ሥጋ በበረዶ አሽጌ፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ የከሰል ምድጃ፣ መጥበሻ ሁሉ ጫንኩ። ደረጀ «እታለም፣ ሸለቆው ውስጥ ሠርግ አለ እንዴ?» አለኝ። «የትም ብንሆን ምሳ ሰዓት ላይ ጥብስ እንበላለን» አልኩት።

እንግዲህ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ሁለት ቢጫ ጀሪካን ጫንኩ። አንዱ ዘይት ነው፣ ለካምፓቸው ወጥ ቤት ስጦታ። አንዱ የተጣራ ውኃ ነው፣ ለመንገዳችን። ቤታችሁ ያለውን ጀሪካን አስቡት። ዘይቱ ሲያልቅ በኦሞ ታጥቦ የውኃ ይሆናል፤ ያው አንድ ዓይነት ነው። የቶሪትን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፣ አንጀት ያወጣል፤ እንዳይፈስ ብዬ የሁለቱንም አፍ በፌስታል ጥርቅም አድርጌ ክዳኑን ከላይ አጠበቅኩት። ይሄ ፌስታል የኛ ሰው ወግ ነው፤ ያለ ፌስታል ክዳን አናምንም። ሽታ የለ፣ ጠብታ የለ። የቱ የቱ እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ ብዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ዘይት ሳገላብጥ የኖርኩ ሴት!

ካምፑ ስንደርስ የተቀበለን ምግብ አብሳዩ ጋትሉዋክ ነው። እኛ አገር ኢታንግ መጠለያ ጣቢያ ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የጠራ፣ አገሩ ነፃ ስትወጣ የተመለሰ ሰው። «ኧረ እትዬ አስካለ! እንኳን ደህና መጡ! ዘይት አምጥተውልኛል አሉ?» አለኝ። «አዎ፣ ያንን አውርድ» ብዬ በጣቴ አመለከትኩት። በዚህችው ጣቴ! ተሸክሞ ገባ። ሌላኛው ጀሪካን መኪናው ላይ ቀረ።

በማግስቱ የዕረፍት ቀናቸው ነበር። ገና በጠዋቱ ልንወጣ ስንል ጋትሉዋክ «መቼ ትመለሳላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ደረጀ ምን አለው? «እስከ ማታ እንመጣለን። ከመሸብን ግን ማዶ ያለው ቁፋሮ ካምፕ እናድራለንና እንዳታስቡ።» እንዳታስቡ! ይቺን ቃል ያዙልኝ። የካምፑ የሳተላይት ስልክ ከኃላፊው ጋር ጁባ ሄዷል፤ የእኛም መኪና ሬዲዮ ከተበላሸ ቆይቷል። ማንም ይህን ከቁም ነገር አልቆጠረው፤ አንድ ቀን ነው፣ ሽርሽር ነው።

በደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ ነዳን፣ ነዳን። መጀመሪያ ዝቅ ዝቅ ያሉ ጉብታዎች ነበሩ፤ ከዚያ ግራና ቀኝ ድንጋዩ እየተነሳ፣ እየተነሳ መጣና ሰማዩን ቀጭን አደረገብን። ቀይ አለ፣ አመድማ አለ፣ ተጣጥፎ እንደተደራረበ ብርድ ልብስ ሆኖ እስከ ላይ ይወጣል። የሰው ዱካ የለም። የፍየል በጠጥ እንኳ የለም። እኔ መቼም አፌ አያርፍም፣ «ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት እንኳ የለችም?» አልኩ። ልቤ ግን ፈርቶ ነበር። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ጁባ ጀነሬተር ሲጠፋ እንኳ ውሻ አለ፣ ሬዲዮ አለ። እዚያ የገዛ ትንፋሼ ነው የሚሰማኝ።

«ይሄን ሁሉ የቆረጠው ውኃ ነው» አለኝ ደረጀ።

«የቱ ውኃ? ጠብታ አይታየኝም።»

«ድሮ፣ ማንም ሳያየው ሲሠራ የኖረ ውኃ። እግዚአብሔርም እንደዚህ ነው እታለም። ባናየውም ይሠራል።»

«ስብከቱን ለእሑድ አቆየውና ጥላ ፈልግልኝ» አልኩት።

ትልልቅ ቋጥኝ መንገዱን ሲዘጋው መኪናዋን ጥላ ውስጥ አቆምንና በእግር ገባን። የታሸገ ውኃ በእጃችን ይዘናል። እየተጎነጨን፣ ፊታችንን እየታጠብንበት። «ጠጪ፣ አትሳሺ፣ ጀሪካኗ ሙሉ ናት» ይለኛል። እኔም ጠጣሁ። ጨረስነው።

ከዚያ ደረጀ ድንጋዩ ላይ ጠቆር ያለች መስመር አየ። የውኃ ሰው አይደለ? «ይቺ የእርጥበት ምልክት ናት፣ ላያት» ብሎ መውጣት ጀመረ። «ውረድ!» አልኩ። «አንዴ፣ እታለም» አለ። ድንጋዩ ከእግሩ ሥር ተፈነቀለ። ወገኖቼ፣ አወዳደቁን አልነግራችሁም። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ፤ ይበቃል።

«እታለም፣ አትጩሂ» ይለኛል መሬት ላይ ሆኖ። «አልጮህኩም!» እያልኩ እጮሃለሁ። ሻሼን ፈትቼ እግሩን ከእንጨት ጋር አሰርኩት፤ ብብቱን ይዤ እየጎተትኩ የቋጥኝ ጥላ ውስጥ አስገባሁት። ከዚያ በላይ ልጎትተው አልቻልኩም፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ስልኬን አወጣሁ፣ መስመር ማ ፊ፣ የለም። መኪናዋ ከቋጥኙ ወዲያ ናት፣ ወደዚህ አታልፍም፤ ብታልፍስ እኔ መንዳት መች አውቃለሁ? ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጥታለች።

«ውኃ» አለኝ። «ውኃውን አምጪልኝ፣ ከዚያ ቀስ ብለን እናስባለን።»

እሺ አልኩ። ውኃ ካለ ሁሉም አለ፤ ጋሻዬ እሱ ነበር። እስከ መኪናዋ ሄድኩ። ያቺን ጀሪካን አወረድኩ። አሸዋው እግሬን ይውጣል፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ አንዴ ታቅፌ፣ አንዴ እየጎተትኩ። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። «ትንሽ ነው አስካለ፣ ትንሽ ነው» እላለሁ ለራሴ። ደረስኩ። አጠገቡ ተንበረከክኩ። ክዳኑን ፈታሁ፣ ፌስታሉን ቀደድኩ፣ መዳፌን ዘርግቼ አዘነበልኩት።

ወፍራም ነው። አይፈስም፣ ይንሸራተታል።

እጄን አየሁት። አሸተትኩት። ወገኖቼ፣ ያን ሽታ ከሺህ ሽታ መሃል እለየዋለሁ፤ የዘወትር እንጀራዬ ነው። «ደሬ» አልኩ፤ «ዘይት ነው።»

ከዚያ ያ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ልጅ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሽንኩርት አለን?» አለኝ። አለቀስኩ። ሰደብኩትም። «በዚህ ሰዓት ትቀልዳለህ? አንተ ደረቅ!» እያልኩ እንባዬ ይወርዳል። የራዲያተሩን ውኃ ብቀዳስ ብለው «መድኃኒት አለበት፣ ይገድለናል» አለኝ። የሥጋው በረዶ ጠዋት ካምፑ ውስጥ ቀልጦ ተደፍቷል።

ከዚያ በሐሳቤ ዞርኩ። ማን ይመጣል? ጋትሉዋክ አይመጣም፤ እንዳታስብ ተብሏል። ቢመሽም ማዶ አድረዋል ይላል። ማዶ ያሉትም መምጣታችንን አያውቁም። ተነስቼ ቆሜ ጮህኩ። «ማንም አያውቅም! ማንም!» ገደሉም መልሶ «ማንም» አለኝ።

ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ደረጀ ማላቡን አቆመ። ይሄ ጥሩ ምልክት እንዳልሆነ ማንም አልነገረኝም፤ አወቅኩት። ምላሱ ተሳሰረ። አንድ ጊዜ ዓይኑን ገልጦ «እማዬ መጣች?» አለኝ። ቅዱሳን፣ እናቴን አያውቃትም እኮ! ድክ ድክ ሲል ነው የሞተችው። አንተ ጌታ፣ ይሄንንም ልትወስደው ነው አልኩ በልቤ። እናቴን ወስደህ፣ እኔ ያሳደግኩትን ደግሞ በዚህ ምንም በሌለበት ቦታ!

ትንሽ ቆይቶ ወደ ልቡ ተመለሰ። «እታለም» አለኝ፣ «ዘይት ካለሽ ቀቢኝና ጸልዪልኝ።»

«እኔ? እኔ አላውቅበትም ደሬ። የምግብ ዘይት እኮ ነው!»

«እሱ የዘይቱን ዓይነት አይጠይቅም» አለኝ።

እሺ፣ ልቀባው። ጠብታ ግንባሩ ላይ አደርጋለሁ ብዬ ጀሪካኑን ሳዘነብለው፣ ከባድ ነው፣ ቷ ብሎ ፊቱ ላይ ሙሉ ፈሰሰ። ዓይኑ፣ ጆሮው፣ አንገቱ ውስጥ ገባ። «እታለም» አለኝ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ቀቢኝ አልኩሽ እንጂ ጥበሺኝ አልኩሽ?»

ሳቁ፣ ሳቁ ወገኖቼ፤ እኔም ያን ጊዜ ስቄያለሁ። ስቄ ስቄ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። እጄ ግንባሩ ላይ ነበር። ጸሎት አላውቅም፤ ያለኝን ተናገርኩ። «ጌታ ሆይ፣ እኔና አንተ ተኳርፈናል። ስለ እናቴ ለመንኩህ፣ ዝም አልከኝ። አሁን ስለ እኔ ብለህ አይደለም። ይሄ ልጅ ግን ያንተ ነው፣ ውሎ አዳሩ ስምህ ነው። እኔ ሁሉን ራሴ ልሸከም ብዬ ኖርኩ። ይኸው ተሸክሜ ያመጣሁት ዘይት ሆነ። አቅቶኛል። አቅቶኛል ጌታ። ተቀበለኝ።»

አቅቶኛል የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር። የሚያውቁኝ ይመስክሩ። ልክ ሲወጣ ትከሻዬ ወረደ። ምንም አልተለወጠም፣ ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፣ ፀሐዩ ያው ፀሐይ ነው። እኔ ግን ብቻዬን እንዳልሆንኩ ተሰማኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? ሃሌ ሉያ! ማስረዳቱ ይቅርብኝ።

እጄን በጨርቅ ጠረግኩ። ጨርቁ በዘይት ራሰ። አየሁት። ያን ጊዜ የአማራቷ ወጥ ቤቴ ትዝ አለችኝ። አንድ ቀን መጥበሻ ላይ ዘይት እሳት ይዞብን ጭሱ ከጣሪያ በላይ ወጥቶ ሰፈሩ በሙሉ ባልዲ ይዞ መጥቶ ነበር። ፈረንጆቹ፣ ካዋጃዎቹ ሳይቀሩ ከሆቴላቸው በቁምጣ ሮጠው መጡ። እንዴት አፍሬ ነበር ያኔ! «ደሬ» አልኩት፣ «መኪናዋ ትርፍ ጎማ አላት?»

«ኋላ አለ። ምን ልታደርጊ ነው?»

«ወጥ ልሠራ!» አልኩና ሮጥኩ። እኔ! ሮጥኩ ስላችሁ እመኑኝ።

ጎማውን አወረድኩ፣ እያንከባለልኩ፣ ቋጥኙ ጋ ሲደርስ እየገፋሁ አሳለፍኩት። ደግሜ ተመልሼ ምድጃውን፣ ከሰሉን፣ ክብሪቱን፣ መጥበሻውን አመጣሁ። ጨርቁን ሁሉ ጎማው ውስጥ ጠቀጠቅኩ፣ ከሰሉን ጨመርኩ፣ ዘይት አርከፈከፍኩ፣ ለኮስኩት። መጀመሪያ እምቢ አለ። «በኢየሱስ ስም ተቀጣጠል!» አልኩት። ከማን እንደሰማሁት አላውቅም፤ በር ላይ ድስት ሳስረክብ ከእናንተ ሰርቄ ይሆናል። ተቀጣጠለ! ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚከረፋ ጭስ ገደሉን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሲደክም በመጥበሻው ዘይት እየቀዳሁ እጨምራለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ጥብስ እንበላለን ያልኩበት መጥበሻ ነው። ጌታ ይባረክ!

እየጨመርኩ፣ እያሳልኩ፣ ደረጀን «አትተኛ፣ አውራኝ!» እያልኩ ስንቱን ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። ዘይቱ ሊያልቅ ሲል የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ።

ጋትሉዋክ ነው! ያ ረጅም እግሩን እያነሳ በቋጥኙ ላይ ዘሎ መጣ፤ ሾፌሩ ከኋላው። ትከሻው ላይ ምን እንደተሸከመ ታውቃላችሁ? ቢጫ ጀሪካን። የእኔን ጀሪካን፣ የእኔ ፌስታል አፉ ላይ ተመልሶ እንደተጠረቀመ። ነጥቄው ከፈትኩ። መጀመሪያ አሸተትኩት! ውኃ ነው። ውኃ ነው ወገኖቼ። በክዳኑ እየቀዳሁ ጠብ፣ ጠብ አድርጌ በደረጀ አፍ ውስጥ ጨመርኩለት፤ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ጋትሉዋክ» አልኩት፣ «ማን ነገረህ? እንዳታስብ ተብለህ አልነበረም?»

«ማንም አልነገረኝም እትዬ» አለኝ። «ጠዋት እናንተ እንደወጣችሁ የምሳ ድስት ጣድኩ። ዘይት ብዬ ያንን ጀሪካን ብቀዳ ተንጫጫብኝ። ቀመስኩት፣ ውኃ ነው። ይሄ ውኃ ከሆነ እነሱ የያዙት ምንድን ነው አልኩ። ድስቱን እሳት ላይ ትቼ ሾፌሩን ጎተትኩት። ከጠዋት ጀምሮ ስንፈልጋችሁ ነው የዋልነው። የጎማችሁ ዱካ ድንጋዩ ላይ ጠፋብን፤ ሌላ ሸለቆ ገብተን ወጣን። ተስፋ ቆርጠን ልንመለስ ስንል ጭሱን አየን።»

ከጠዋት ጀምሮ! እዚህ ላይ ነው እኔ የወደቅኩት። አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ። አስቡት እስቲ። ጋትሉዋክ ከካምፑ ሲነሳ ደረጀ ገና አልወደቀም። እኔ ገና «ሻይ የምትሸጥ ሴት የለችም?» እያልኩ ነበር። ማንም አያውቅም ብዬ ስጮህ፣ ገደሉም ማንም ሲለኝ፣ መኪናው መንገድ ላይ ነበር። ያንን ጀሪካን በትክክል አስወርጄ ቢሆን ኖሮ ካምፑ በዘይቱ ወጡን ሠርቶ በልቶ ይተኛ ነበር፤ ማንም አይፈልገንም። ውኃ ይዘን ቢሆን ለማቃጠል ዘይት ከየት ይመጣል? ያቺ የረገምኳት ስሕተት ናት ካምፑ ውስጥም የጮኸችልን፣ ሸለቆው ውስጥም የጨሰችልን። እኔ ሳልጠራው ጌታ ተነስቶ ነበር! ሳልታረቀው! ሃሌ ሉያ! ክብር ለስሙ ይሁን!

እዚያው አሸዋው ላይ አመንኩት። ዘማሪ የለ፣ ሰባኪ የለ። ጋትሉዋክ ብቻ «እትዬ፣ እርስዎም ይጠጡ እንጂ» ይለኛል።

ካፖኤታ ክሊኒክ በጉሉኮስ አደርን፤ ከዚያ በአውሮፕላን ጁባ አመጣነው። እዚህ ያየው ሐኪም «እግሩን እንጠግነዋለን፤ እኔን ያስደነገጠኝ ኩላሊቱ ነው። ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን ስለ እግር አናወራም ነበር» አለኝ። ደግሞ «ምናልባት ዕድሜ ልኩን ያነክሳል፣ ተዘጋጂ» አለኝ። ደሬ፣ እስቲ ተነስ። ወደ መድረኩ ተራመድ። አያችሁት? ከዘራው የት አለ? ቤት ነው፣ ልብስ ማስጫ አድርጌዋለሁ! እልል በሉ እንጂ! ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ራሱ አሯሩጦ አይቶት «ሂድ ሥራህን ሥራ» አለው። እኔ ደግሞ «ሥራ ሂድ፣ ድንጋይ ላይ ብትወጣ ግን ሌላኛውን እግርህን የምሰብረው እኔ ነኝ» ብዬዋለሁ።

ከሆስፒታል በወጣ እሑድ እንደ ልማዴ ድስቴን ይዤ መጣሁ። በር ላይ አስረከብኩ። ከዚያ ገባሁ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስነፋረቅ ያያችሁኝ ለዚህ ነው፤ ባሏ ሞቶባት ይሆናል ያላችሁም ሰምቻችኋለሁ፣ ይቅር ብያለሁ።

ስለ እናቴ አሁንም መልስ የለኝም። አልዋሻችሁም። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። ግን አሁን አልተኳረፍንም፤ ስጠይቀውም እንደ ልጅ እጠይቀዋለሁ። ሸክምሽን ስጪን ለሚሉኝም እሰጣለሁ። ገበያ ያ የምጮህበት ተሸካሚ አሁን ወዳጄ ሆኗል፤ «ዛሬ ምን ነካት?» ብሎ ለጓደኞቹ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ጀሪካን ግን ሳላሸት አላስጭንም! ሠራተኞቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

አሁን መጋቢ ሰዓታቸውን እያዩ ነው፣ ጨረስኩ። አንዲት ነገር ብቻ። እዚህ ውስጥ፣ ወይም ደጅ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሚስቱን የሚጠብቅ ሰው፣ ወይም እንደ እኔ በር ላይ አስረክባ የምትመለስ እህት ትኖራለች። ምናልባት ሥራ ጠፍቶብሃል፣ ምናልባት ልጅሽ ታሞብሻል፣ አገር ቤት ያሉትም አያውቁልሽም፣ እዚህ ያሉትም አያውቁልሽም። «ማንም አያውቅም» እያልሽ ነው። እኔም ብያለሁ፣ በሙሉ ድምፄ ጮኼ ብያለሁ። እና ከዚያ ገደል የወጣች ሴት ትንገርሽ፤ እመኚው እህቴ፣ እመነው ወንድሜ። ገና ሳትጮሁ መኪናው ተነስቷል።